ቆርቆሮው ሳይመታ የሚወድቅ ሰው

አያ ጎሹ መሞቱን የነገረኝ ዕድሜውን ሙሉ ሊገድለው ሲፈልገው የኖረ ሰው ነው። ደመላሽ ይባላል። ደባርቅ ትምህርት ቤት አጥር ላይ ተደግፎ ከክፍል እስክወጣ ጠበቀኝና፣ "መምህር፣ ገደሏቸው" ብሎኝ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔ አላለቀስሁም። በዚያ ዘመን ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ለአያ ጎሹ ማልቀስ የማይገባው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርሁ።

ደርግ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ይቋቋም ባለ ጊዜ እኔ ከደብረ ታቦር ተመድቤ የመጣሁ የአማርኛ መምህር ነበርሁ። ቴአትር የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የአውራጃው ካድሬ ግን ቢሮው ጠርቶ፣ "አማርኛ ታስተምር የለም? በል ቴአትር ጻፍ" አለኝ። ጻፍሁ። አንድ ክፉ ባላባት አለ፤ ጭሰኛ ይገርፋል፣ በሬ ይነጥቃል፤ በመጨረሻ ገበሬው ተነሥቶ ይይዘውና ይረሸናል። በመጀመሪያው ጽሑፌ ባላባቱ ከመሞቱ በፊት ትንሽ ይጸጸት ነበር። ካድሬው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። "ባላባት አይጸጸትም። ከተጸጸተ ሕዝቡ ያዝንለታል" አለኝ። እንዳዘዘኝ አስተካከልሁና ባላባቱ እስከ ጥይቱ ድረስ እንዲሳደብ አደረግሁ።

ችግሩ ባላባት የሚሆን ሰው መጥፋቱ ነበር። ጎበዛዝቱ ሁሉ ጀግና ገበሬ መሆን ይፈልጋሉ። ባላባት የሆነ ሰው "ባላባቱ" እየተባለ መጠራቱ አይቀርም፤ ያኔ ደግሞ ሰው በቅጽል ስሙም ይታሰር ነበር። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ በግድ ያዝንና ልምምድ ጀመርን። ልጁ እንደ ጥጃ ይጮኻል። በሦስተኛው ቀን ከአዳራሹ ጥግ፣ "ኧረ በሥላሴ! ባላባት እንዲህ አይጮህም" የሚል ድምፅ መጣ። የአዳራሹ ጠባቂ ነበር፤ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል። ሃምሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጀርባውን ሁልጊዜ ለግድግዳ የሚሰጥ ሰው።

"ባላባት ሲቆጣ ድምጡን ዝቅ ነው የሚያደርግ። የሚጮህማ የፈራ ሰው ነው" አለ።

"እስቲ አሳየን" አልሁት፤ ለማሾፍ ነበር።

መጥረጊያውን እንደ ከዘራ ይዞ ቀስ እያለ መጣ። ልጁ ጆሮ አጠገብ ደርሶ፣ "ነገ ጧት በሬህን ራስህ ይዘህልኝ ትመጣለህ" አለው። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔም ራሴን ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ኮፍያዬን አውልቄ አገኘሁት። በጣም ነው ያፈርሁ።

አያ ጎሹ ቴአትር የጀመረው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ያልሠራው ሥራ የለም። ሁመራ ሰሊጥ አጭዷል። ጎንደር ሉካንዳ ቤት በሬ አርዷል። ሊማሊሞን የሚወጡ የጭነት መኪኖች ላይ ረዳት ሆኖ ጎማ ሥር ታኮ ሲያስገባ አንዱን ጣቱን አጥቷል። ጨነቅ ተራራ ላይ ለፈረንጅ በቅሎ ጭኗል፤ ዛሪማ ጠጅ ቤት ሰካራም እየጎተተ አውጥቷል፤ መቃብርም ቆፍሯል። በየሥራው ሁለት ዓመት አይሞላም። አንድ ቀን ጧት ይነሣና የለም። ለምን እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ። ከየሥራው ግን አንድ አንድ ነገር ይዞ መጥቷል። የባላባቱ ሳል ከሉካንዳው ደንበኛ ነው። አወዳደቁ ቢላዋ ከገባበት በሬ ነው፤ መጀመሪያ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ቀጥሎ አንገቱ፣ ዓይኑ መጨረሻ ላይ ነው። ልምምድ ላይ ሲያደርገው ልጃገረዶቹ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

"አንቱ" ስለው ተቆጣኝ። "አንቱ የሚባለው ስም ያለው ሰው ነው። እኔን አንተ በለኝ" አለ። አንተ አልሁት፤ ነገሩ ግን አልገባኝም።

አንድ ነገር ብቻ ላርመው አልቻልሁም። የተኩሱ ድምፅ የኔ ሥራ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ቃል የጠፋበትን አስታውሳለሁ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የጣራ ቆርቆሮ ቁራጭ በመዶሻ እመታለሁ። አያ ጎሹ ግን ሁልጊዜ ቆርቆሮው ሳይመታ ይወድቃል። ገበሬ የሆነው ልጅ የእንጨት ጠመንጃውን ቀና ሲያደርግ እሱ መሬት ላይ ነው። ሕዝቡ ይስቃል። እኔ እናደዳለሁ።

"አያ ጎሹ፣ ድምፁን ጠብቅ! ምን አለበት ብትጠብቅ?"

"አልችልም መምህር። ሰውነቴ እምቢ ይላል። ተኩስ ሰምቶ የወደቀ ሰው ሞቶ ነው የወደቀ።"

የመጀመሪያውን ትርኢት ያሳየነው በደባርቅ የገበያ ቀን ነው። ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ ትእዛዝ ከየቀዬው ተነድቶ መጥቷል፤ ሥራ ፈትቶ በመጠራቱ ከመጀመሪያው ተበሳጭቷል። አያ ጎሹ ከጥቁር ፍየል ጠጉር የተሠራ ጢም ለጥፎ ወጣ። ጭሰኛውን ሲያስገርፍ ጉርምርምታው ተጀመረ። "ሚስትህንስ ለማን ትተህ ነው የምትሞት?" ሲል ድንጋይ መጣ። የመጀመሪያው ትከሻውን አገኘው። ሁለተኛው ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ በቅንድቡ ወርዶ ያን የፍየል ጢም አጨቀየው። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ፣ "ውጣ! ተው ውጣ!" እላለሁ። እሱ አልሰማኝም። ደሙን በእጁ ጠርጎ እጁን እያየ፣ በዚያ ዝቅተኛ ድምፅ፣ "የኔ ደም ካንተ ደም ይወፍራል" አለ። ይህ እኔ የጻፍሁት ቃል አይደለም። ያን ቀን ሚሊሺያው ወደ ሰማይ ባይተኩስ ኖሮ ሕዝቡ ይበላው ነበር።

ጤና ጣቢያ ወስደነው ድሬሰሩ ያለማደንዘዣ ግንባሩን ሲሰፋው ይስቃል። "አመኑኝ እኮ መምህር! አየኸው ያን ሰውዬ? ሊገድለኝ ነበር እኮ!" ይላል። እንደዚያ ደስ ያለው ሰው በሕይወቴ አላየሁም። በሃምሳ ዓመቱ ሥራውን አገኘ። ሁለት ዓመት ሲሞላውም እንደ ልማዱ ተነሥቶ አልሄደም።

ከዚያ በኋላ የሰሜን ተራራ አገር በሙሉ አወቀው። ያ ነው ጉዱ። መደበቅ ያለበት ሰው ሆኖ በሺህ ሰው ፊት መቆም ወደደ።

ጊች በምትባል የእስላም መንደር የሆነውን ልንገራችሁ። ትርኢቱ አልቆ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቤት ገብስ እንጀራ ቀርቦልን ስንበላ አንዲት ባልቴት በትር ይዛ ገባች። ማንንም አላየችም፤ ቀጥ ብላ አያ ጎሹ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በጀርባው፣ አንድ ጊዜ በክንዱ፣ አንድ ጊዜ በዚያ በተሰፋው ግንባሩ አወረደችበት።

"በሬዬን መልስ! ሁለት የሙት ልጅ ይዤ በሬዬን የነዳህ! አላህ አያይህም?"

ሊቀመንበሩ ሊይዛት ተነሣ። አያ ጎሹ በእጁ ከለከለው። ቴአትር ነው፣ ተዋናይ ነኝ፣ ምናምን አላለም። በባላባቱ ድምፅ፣ ዝቅ አድርጎ፣ "በድዬሻለሁ እናቴ። አውቄ ነው የበደልሁሽ። ማሪኝ" አላት። ሴትዮዋ በትሯን እንዳነሣች ቆመች። ከዚያ በትሩን ጣለችና መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጮኻ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች፤ እንጀራውን ወደሱ ገፋ አደረገችለት፤ ወጣች። በሬዋን የነዳው ባላባት ከሞተ ስንት ዓመቱ።

በማግሥቱ ከጊች ስንወርድ አያ ጎሹ በቅሎውን እየሳበ ሄደ። ክንዱ አብጧል። አንድ ገደል አፋፍ ላይ ስንደርስ ቆመና፣ "መምህር፣ እኔ ጎሹ አይዶለሁም" አለኝ።

ስሙ ዘለቀ ነው። የዳባት ልጅ ነው። በጎረምሳነቱ በእርሻ ወሰን ከጎረቤቱ ተጣልቶ፣ ማረሻ ላይ እንዳለ በሽመል መትቶ ገደለው። "አንዴ ብመታው ይበቃኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ነው የመታሁት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምን እንደምላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም" አለ። የሟች ሚስት እርጉዝ ነበረች። ሽማግሌ ቢልክባት፣ "ደሙ የልጄ ነው፤ ሲያድግ እሱ ይወስን" ብላ መለሰች። ወንድ ወለደችና ስሙን ደመላሽ አለችው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ስም የወጣለት ልጅ ሥራው ከጥምቀቱ ቀን ጀምሮ ይታወቃል። ዘለቀ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ስሙን እየለወጠ ሃያ ስድስት ዓመት አሳለፈ። በር አጠገብ አይቀመጥም፤ ቅጠል ኮሽ ሲል ይወድቃል።

"ያች ሴት ትናንት ስትመታኝ ደስ አለኝ" አለ። "ሰው ተመትቶ፣ ማሩኝ ብሎ፣ መጨረስ ይችላል ለካ።"

ወር ሳይሞላ ካድሬው ቀጣዩ ትርኢት ዳባት ነው ብሎ አዘዘ።

ለአያ ጎሹ ስነግረው፣ "ሆዴን አመመኝ በልና ቅር። ልጁን አስገባዋለሁ" አልሁት።

"መምህር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሆዴን አሞኛል" አለ።

ዳባት የገበያ ቀን ነበር፤ ቀትር ላይ። መድረኩ በበርሜል ላይ የተረበረበ ሳንቃ ነው፤ መጋረጃችን አቡጀዲ ነው። በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየና ጠራኝ። ካድሬው ከፊት ተቀምጧል። ከቀኙ አንድ ሚሊሺያ ጠመንጃ አንግቶ ቆሟል። "ያ ነው" አለ አያ ጎሹ።

"አይተኸው ታውቃለህ?"

"አላውቅም። የአባቱ ፊት ግን ከዓይኔ ጠፍቶ አያውቅም።"

እንደዚያ ቀን ሆኖ ተጫውቶ አያውቅም። ጭሰኛውን ሲያስገርፍ ሕዝቡ ጥርሱን ያፋጫል። ወደ መጨረሻው ስንደርስ፣ ገበሬዎቹ ይዘው ሲያቆሙት፣ እንደ ሁልጊዜው "በለው! በለው!" የሚለው ጩኸት ተነሣ። አያ ጎሹ አሁን መሳደብ አለበት። አልተሳደበም። ቃሉ የጠፋበት መስሎኝ ከኋላ አስታወስሁት። ዞሮ አየኝና ጢሙን ከፊቱ ላይ ገሽልጦ ጣለው። ከዚያ በጭሰኛው ጎጆ ስም መድረኩ ላይ ካስቀመጥናቸው ሦስት ጉልቻዎች አንዱን አነሣ፤ በሁለት እጁ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። ድንጋይ ተሸክሞ መቅረብ የገዳይ እርቅ ነው፤ እዚያ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል።

"ደመላሽ!" አለ። "ዘለቀ ነኝ። አባትህን ማረሻው ላይ የገደልሁት ዘለቀ። አንተ በእናትህ ሆድ ነበርህ። እናትህ ልጄ ይደግ አሉኝ። ይኸው አድገሃል። ወይ ግደለኝ፣ ወይ ማረኝ።"

ሕዝቡ ቴአትር መስሎታል። "ፈሪ! አሁን ለመነ! በለው!" ይላል። አንድ ዓይነ ሥውር ሽማግሌ ብቻ፣ "ይህ የዘለቀ ድምፅ ነው" ሲሉ ሰማሁ። ዝምታው ከሽማግሌዎቹ ጀመረና ወደ ኋላ ሄደ፤ ከጀርባ ያሉት ጎረምሶች ግን አሁንም "በለው!" እያሉ ነው።

ደመላሽ መድረኩ ላይ ዘለለ። የእንጨት ጠመንጃ የያዘውን ልጅ በክርኑ ገፍቶ ጣለው። ጠመንጃውን ሲያቀባብል ድምፁ እኔ ዘንድ ደረሰ። አፈሙዙን በድንጋዩ ሥር፣ አያ ጎሹ ማጅራት ላይ አደረገ። እኔ በአንድ እጄ መዶሻ፣ በሌላው ቆርቆሮ ይዣለሁ። ንፋስ አለ። ቆርቆሮው ኮሽ ቢል ያ ሰው ምላጩን ይስባል። ቆርቆሮውን ሆዴ ላይ አጥብቄ አቀፍሁት፤ ጠርዙ ሸሚዜን ቀዶ ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ተሰምቶኛል፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።

ደመላሽ ጠመንጃውን ገለበጠና በሰደፉ አፉ ላይ መታው። ጥርስ ሳንቃው ላይ ሲንከባለል አየሁ። አያ ጎሹ ድንጋዩን አልለቀቀም። ደመላሽ ሰደፉን እንደገና አነሣ፤ ከዚያ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራቱ ላይ አወረደለት።

"ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተነሡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ያን ዓይነት እልልታ ለደርግ ተብሎ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ካድሬውንም ያ ነው ያስቆጣው። ሽጉጡን መዝዞ መድረክ ላይ ወጣ፤ መጋረጃውን ቀዶ አወጣኝ።

"ባላባት ይቅርታ ሲደረግለት፣ ሚሊሺያ ጠመንጃ ሲጥልለት! ይህ ጽሑፉ ላይ አለ?"

"የለም" አልሁ። ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው የመለስሁት። አለ ብል እኔን ይወስዱኛል፤ የለም ስል እሱን አሳልፌ እሰጣለሁ። ይህን ያወቅሁት ግን ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አፌ ከኔ ቀደመ።

ካድሬው ቀስ ብሎ፣ "ታዲያ ጽሑፉ ላይ ከሌለ ለምን አላስቆምኸውም? ቀድመህ ታውቅ ነበር?" አለኝ። ያኔ አያ ጎሹ ደሙን ተፋና ቀና አለ። በባላባቱ ድምፅ፣ እንደዚያ ዝቅ አድርጎ፣ "ምን ይጠይቁታል እሱን? ጠመኔ ከመብላት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። እንኳን የኔን ነገር ሊያውቅ፣ ራሱ ከጻፈው ቃል ግማሹን ይረሳል" አለ። ሕዝቡ ሳቀ። እኔን በመናቅ ነበር የሳቀው፤ ካድሬውም ናቀኝና ተወኝ። በጥፊ የመታው እሱን ነው። አያ ጎሹ ከዚያ በኋላ ሌላ መድረክ አላየም፤ የመጨረሻውን የተጫወተው ለኔ ነው።

"ጠመንጃህን አንሣና ጨርሰው" አለው ካድሬው ደመላሽን።

"እኔ ጨርሻለሁ ጓድ" አለ ደመላሽ።

ሁለቱንም የፊጥኝ አስረው መኪና ላይ ወረወሯቸው። እኛ ወደ ደባርቅ ተመለስን። የፍየል ጢሙን ማን እንዳነሣው አላውቅም።

ደመላሽን ዘመዶቹ ጠባቂውን አግባብተው አስመለጡት። ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ያገኘሁት በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ሊወርድ ሲል ነው፤ ከዚያ ወዲያ በረሃ ነው፤ ስሙንም መቀየሩ አይቀርም። ልቅሶው ሲበርድለት እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦

"ሁለት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ታሰርን። አፋቸው አብጦ መብላት አቃታቸው፤ እያላመጥሁ አጎረስኋቸው። አባቴን ነገሩኝ። ሲስቅ ትከሻው እንደሚነቃነቅ፣ በሬዎቹን በምን ስም እንደሚጠራ። እናቴ አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም፤ ነገሯ ሁሉ አሟሟቱ ብቻ ነበር። አባቴን ያወቅሁት ከገዳዩ ነው መምህር። በሦስተኛው ጧት ከእስር ቤቱ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ አወጧቸው። እኔን እንዳይ ብለው ዳር አቆሙኝ። ሲወጡ፣ ‘ለመምህሩ፣ ዛሬ እጠብቃለሁ ብሏል በልልኝ’ አሉኝ። ማንን እንደሚጠብቁ አልነገሩኝም።"

"ከዚያስ?"

"ከሳቸው በፊት ሁለት እስረኛ ልጆች አቆሙ። ልጆቹ ጠመንጃው ሲቀባበል ገና ጉልበታቸው ከዳቸው። እሳቸው ጀርባቸውን ለዛፉ አልሰጡም፤ ሜዳው ላይ ነው የቆሙ። አንገታቸውን ትንሽ አዘንብለው፣ ዝም ብለው ቆሙ። አንዱ ጠመንጃ ከሸፈ፤ ቀጭ አለ፤ ንቅንቅ አላሉም። እንደገና አቀባበሉ። ተኩሱ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ነው የወደቁ። መጀመሪያ ጉልበታቸው፣ ቀጥሎ አንገታቸው። ዓይናቸው ቆየ።" እንባውን በእጅጌው ጠረገ። "እስቲ አንተ ታውቅ እንደሆን፣ ማንን ነው ሲጠብቁ የነበሩት?"

"ድምፁን" አልሁት።

አልገባውም። ቋጠሮውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አይቶ፣ ጀርባውን ወደ አጥሩ አስጠግቶ ሄደ።